በአገጭ የተጠቆመው ዱባ

፦ ተረት ተረት።

፦ የላም በረት።

፦ ተዉ እንጂ፣ ዛሬ ላም የለችም። የዛሬው ተረቴ ውስጥ ላም ብትፈልጉ ጭራዋንም አታገኙ። ዛሬ «የዱባ መሬት» ነው የምትሉኝ። እንደገና። ተረት ተረት።

፦ የዱባ መሬት።

፦ እንዲያ ነው። ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ በሩ አጠገብ ያለኸው፣ ገርበብ አድርገው፣ ብርዱ ገባ። ማንኮራፋት የሚፈልግ ካለ ደግሞ አሁኑኑ ወደ መደቡ ይሂድ፣ መሀል ላይ እንዳያቋርጠኝ።

በድሮ ዘመን፣ ጓንጉል በምትባል መንደር፣ እንጉዳይ የምትባል አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። ምላሷ ስለት ነው፣ እጇ ባለሙያ ነው፣ ጎተራዋ ግን ባዶ ነው። አይጥ እንኳ ገብታ፣ አዝናላት ወጥታለች። ባሏ ትቶላት የሄደው አንዲት ልጅና አንዲት ጓሮ ነው። ልጅቷ አበዛሽ ትባላለች። ጓሮዋ ስም የላትም፣ ግን እንጉዳይ ሁለቱንም እኩል ነበር የምትወዳቸው። አበዛሽም አንዳንዴ በጓሮዋ ትቀና ነበር።

እንጉዳይ ጓሮዋ ውስጥ ዱባ ትተክላለች። ዱባ መትከል ደግሞ ፍሬ ወርውሮ መሄድ እንዳይመስላችሁ። ግንቦት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል፣ ከቤቷ ጀርባ ካለው የፍግ ክምር አጠገብ ትቆፍርና አመድ ትነሰንሳለች። ከዚያም ፍሬውን ሹሉን ወደ ታች አድርጋ ትቀብረዋለች። ሐረጉ መሮጥ ሲጀምር ትከተለዋለች። ወደ ጎረቤት ሊሻገር ሲያስብ ጫፉን ቆንጠጥ ታደርገዋለችና አፍሮ ይመለሳል። ለጋ ቅጠሉን ቀንጥባ እንደ ጎመን ትቀቅላለች። ዱባው ማበጥ ሲጀምር፣ እርጥብ መሬት ላይ ተቀምጦ እንዳይበሰብስ ከሥሩ ገለባ ትጎዘጉዝለታለች። ታወራዋለችም። ጠዋት ወጥታ «ደህና አደርክ፣ ወፈርክልኝ፣ ተባረክ» ትለዋለች። አበዛሽ «እማዬ፣ እኔን ሳትጠይቂኝ?» ስትላት፣ «አንቺ ወጥ አትሆኚኝም» ትላታለች።

አሁን ስለ ጓንጉል ሰው አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ይህን ካላወቃችሁ ተረቱ አይገባችሁም። በጓንጉል፣ ሐረጉ ላይ ያለ ዱባ በጣት አይጠቆምም። ጣት የተቀሰረበት ዱባ በማግሥቱ ይጠወልጋል፣ ከዚያም አበባው ሁሉ ተከትሎት ይረግፋል ይላሉ። ስለዚህ የጓንጉል ሰው ዱባ ማሳየት ሲፈልግ በአገጩ ነው የሚያሳየው። አገጩ አጭር የሆነ በክርኑ ያሳያል። አንድ ትልቅ ሰው ጓሮ መሀል ቆሞ አገጩን ወዲያና ወዲህ ሲወረውር ብታዩ፣ አብዷል ብላችሁ እንዳትሸሹ። ዱባ እያስቆጠረ ነው።

እንጉዳይ ግን ከጣት ይልቅ ዓይን ትፈራ ነበር። የሰው ዓይን ያረፈበት ነገር አይበረክትም ትላለች። ደግሞም ለዚህ መላ ነበራት። ዓምና አጥሯ ሥር ማንም ሳይተክለው አንድ ዱባ በቅሎ ነበር። ያን የመሰለ ዱባ ታይቶ አይታወቅም። ክብ ነው፣ ወርቃማ ነው፣ የሚያብረቀርቅ ነው። ቆርጣ ቀቀለችውና አንድ ጊዜ ብትቀምሰው፣ ምላሷ ተጠቅልሎ ጉሮሮዋ ውስጥ ሊደበቅ ደረሰ። ኮሶ ነው እናንተ። ከኮሶም ኮሶ ነው። አበዛሽ ሳታይ ደፋችው። ፍሬውን ግን አልጣለችውም። መልክ ብቻ የተሰጠው ነገርም ለአንድ ነገር ይጠቅማል አለችና አድርቃ አስቀመጠችው፣ ዘንድሮም እዚያው አጥሩ ሥር፣ በመንገዱ በኩል ተከለችው።

አላፊ አግዳሚው ሁሉ ዓይኑን እሱ ላይ ጣለ። የእንጉዳይን ዱባ አያችሁት እየተባለ በመንደሩ ተወራ። ጣፋጩ ዱባ ግን ጓሮው ጥግ፣ በሰፋፊ ቅጠል ተሸፍኖ፣ ማንም ሳያየው እየወፈረ ነበር። እንጉዳይ ይህን ምስጢር ለማንም አልነገረችም። ለገዛ ልጇም አልነገረችም። ሰው ካወቀ ዓይኑ ጣፋጩን ፍለጋ ይሄዳላ።

እሺ። አበዛሽ አደገች፣ ቆነጀች። ከወንዝ ማዶ ልየው የሚባል ጎበዝ ወደዳት። እሷም ወደደችው። ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ እንስራው ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። እናትየው ነገሩ ገባት፣ ልጁንም አየችውና ደስ አላት፣ ትሁት ነው፣ ሠራተኛ ነው። እንግዲህ ምን ቀረ? ሽማግሌ መላክ ቀረ። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፣ የልጁ አባት ናቸው ችግሩ።

ባላምባራስ ድንበሩ ይባላሉ። ሀብታም ናቸው፣ ክፉ ሰውም አይደሉም። ግን ምግብ ያለ ነቀፋ አፋቸው ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ጨው አነሰው ይላሉ። ጨው በዛበት ይላሉ። ጨውም ልክ ሲሆን፣ ምነው ልክ ሆነ ብለው ይጠረጥራሉ። ለልየው መጀመሪያ ታስባ የነበረችው ልጅ ቤት ሄደው «ይኼ ሽሮ ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት» አሉና ተነሥተው ወጡ። በሁለተኛዋ ቤት ደግሞ የቀረበውን ዶሮ እያገላበጡ፣ ይህ ዶሮ ከኔ ይበልጥ ወይስ ያንስ ብለው ዕድሜውን ጠየቁ። ሁለቱም ጋብቻ ቀረ። ወጥ የማታውቅ እናት ያሳደገቻት ልጅ ቤቴ አትገባም ነው የሚሉት። ሽማግሌ ሲልኩም አብረው ይሄዳሉ፣ የሌላ ሰው ምላስ አያምኑማ።

አበዛሽ ይህን ታውቃለችና ገና ሽማግሌ ሊመጣ ነው ሲባል ማልቀስ ጀመረች። ቤት ውስጥ ቅቤ የለ፣ ዶሮ የለ፣ ምስር የለ። ባላምባራስ አንዴ ፊታቸውን ካጨማደዱ ልየው ቀረ ማለት ነው። እንጉዳይ ልጇን አየቻት። ከዚያም ተነሥታ ጓሮ ወጣች፣ ሰፋፊውን ቅጠል ገለጥ አድርጋ ጣፋጩን ዱባ አየችው። ተመልሳም ልጇ አጠገብ ቁጭ አለች።

፦ አታልቅሺ። እሮብ ይምጡ ብለሽ ላኪበት።

፦ ለምን እሮብ እማዬ?

፦ እሮብ ጾም ነዋ። በጾም ቀን ዶሮ የሚጠይቅ ሽማግሌ የት አለ? ዱባ ወጥ እሠራላቸዋለሁ። የኔን ዱባ ወጥ ቀምሶ የሚነቅፍ አፍ ገና አልተፈጠረም።

በዚህ ብልሃቷ በጣም ተደሰተች። ሌሊቱንም ጋቢዋ ውስጥ ሆና ብቻዋን ስትስቅ አደረች። ሳቋ ትንሽ ቸኩሎ ነበር፣ ኋላ ታዩታላችሁ።

እሮብ ደረሰ። ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቷ አትታይምና አበዛሽ ጠዋት ክርስትና እናቷ ቤት ተላከች። የእንጉዳይ ታላቅ ወንድም አያ ታከለ ደግሞ በአባት ፈንታ ሊቀመጥ መጣ። አያ ታከለ ጉልበቱ የበሬ ነው፣ ልቡ የዋህ ነው፣ የታዘዘውን ሁለት ጊዜ አይጠይቅም። ምነው በጠየቀ ኖሮ። መጥረቢያውን ይዞ በሩ ላይ ሲደርስ እንጉዳይ ከወንዝ ስትመለስ አገኛት። ሙሉ እንስራ አዝላለች፣ ገመዱ ደረቷ ላይ ተወጥሯል፣ ወገቧ ጎብጧል፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

፦ እንጉዳይ፣ ዱባውን ልቁረጥልሽ። የቱ ነው?

፦ ያ ትልቁ፣ ያ ጥሩው፣ አለችና አገጯን ወረወረች።

ልትወረውር ያሰበችው ወደ ጓሮው ጥግ ነበር። ግን እናንተ፣ ሙሉ እንስራ ያዘለች ሴት አገጯ እንደልቧ ይሄዳል? እንስራው ወደ ግራ ሳባት፣ አንገቷ ተከተለ፣ አገጯም አጥሩ ሥር አረፈ። አያ ታከለ አገጯን ተከትሎ አየ። ወርቃማ፣ ክብ፣ የሚያብረቀርቅ፣ መንደሩ ሁሉ የሚያወራለት ዱባ ቁጭ ብሏል። ትልቁና ጥሩው ከዚህ ሌላ የት ይኖራል? አልተጠራጠረም።

እንጉዳይ ውኃውን አስቀምጣ፣ በርጩማ ልትዋስ ወደ ላይኛው ሰፈር ሮጠች። የላይኛው ሰፈር ሴቶች ደግሞ በርጩማ በባዶ አይሰጡም፣ ወሬ ይቀበላሉ። ማን ይመጣል፣ ልጁ እንዴት ነው፣ ባላምባራስ እውነት ቤትሽ ሊገቡ ነው፣ አፋቸውንስ እንዴት ልትችይው ነው። በርጩማዎቹን ተሸክማ ስትመለስ አያ ታከለ ዱባውን ፈልጦ፣ ልጦ፣ ከትፎ ጨርሷል። ቅርፊቱንም ለጎረቤት አህያ ሰጥቶታል። አህያዋ ቀምሳ እምቢ ማለቷን ግን አልተናገረም። አህያ መቼ ዱባ ታውቃለች ብሎ አለፋት።

ቁርጥራጩ እንደ ማንኛውም ዱባ ቢጫ ነው። እንጉዳይ እሰይ አለችና ድስቷን ጣደች። ሽንኩርቱን አቁላላች፣ የኑግ ዘይት ጨመረች፣ በርበሬውን ለቀቀችበት፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ኮረሪማውን። ዱባው ገባ። ሽታው ከቤት ወጥቶ መንገድ ላይ የሚሄደውን ሰው ያቆመው ጀመር። ደረሰ ስትል እንደ ልማዷ ከማማሰያው መዳፏ ላይ ጠብ አደረገችና ወደ አፏ ወሰደችው። ከንፈሯ ጋ ሲደርስ እጇ ቆመ።

እሮብ ነዋ! ፀሐይዋም ገና አናት ላይ ናት።

እንግዲህ ጾም ሳይፈታ መቅመስ የለም። እንጉዳይ ደግሞ ጾሟን የምትሽር ሴት አልነበረችም፣ ያውም ፈጣሪዋን በምትለምንበት ቀን። መዳፏን በመሬት አበሰችና ወጡን በአፍንጫዋ መረመረችው። አፍንጫዋ ጥሩ ነው አላት። እንዴት አይላት፣ መራራ ነገር መቼ ይሸታል? አያ ታከለም ሊልስ ጣቱን ሰደድ ቢያደርግ በማማሰያው ጣቱን መታችው።

ፀሐይዋ ስታዘነብል ሽማግሌዎቹ መጡ። መምሬ ወልዴ ከፊት፣ ሽማግሌው አባ ጎቤ በምርኩዛቸው ከመሀል፣ ባላምባራስ ድንበሩ ከኋላ። ባላምባራስ ገና ከደጅ አፍንጫቸውን አንሥተው ሽታውን መረመሩ። ግቡ፣ ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ አለች፣ በየበርጩማው ተቀመጡ። በጓንጉል ደንብ የጋብቻ ቃል የሚከፈተው ማዕድ ከተነሣ በኋላ ነው። ስለዚህ መምሬ ባረኩና ማዕዱ ቀረበ።

መምሬ ወልዴ የመጀመሪያውን ጎረሱ። ዓይናቸው ተከፈተ። ኋላ ራሳቸው እንደተናገሩት፣ ይህቺ ሴት ጾምን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች ማለት ነው ብለው ደነገጡ። ቄስ ሆነው በጾም ምግብ መረረኝ ቢሉ ምን ይባላሉ? ዋጡት። አባ ጎቤ ጎረሱ። እሳቸው ደግሞ መምሬ ሲውጡ አይተዋልና ወጡን አልጠረጠሩም፣ አፋቸውን ነው የጠረጠሩት። አይ እርጅና፣ ዓይኔን ወሰድክ፣ ጉልበቴን ወሰድክ፣ አሁን ደግሞ ምላሴ ላይ ደረስክ ብለው በሆዳቸው አዘኑ። አያ ታከለ ጎረሰ። ምን አደረግሽው ሊላት አፉን ሲከፍት፣ እንጉዳይ ዓይኗን አፈጠጠችበትና ከነቃሉ ዋጠው።

እንጉዳይ ግን እነሱን አላየችም። የምታየው ባላምባራስን ነው። ባላምባራስ በትልቁ ጠቅልለው ጎረሱ። አንድ ጊዜ አላመጡ። ሁለተኛውን ሊያላምጡ አገጫቸው ቆመ። ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። እንጉዳይ ትንፋሿን ያዘች። አሁን ተናገሩ፣ አሁን አለቀልኝ አለች በሆዷ። ባላምባራስም ዋጡ። ዝም አሉ። አዎ፣ ባላምባራስ ድንበሩ ወጥ ቀምሰው ዝም አሉ።

እንዴት ያለ ደስታ እንደተሰማት አትጠይቁኝ። ጣማቸው፣ ቃል አጡለት አለች። ልቧ ሊዘፍን ምንም አልቀረው። ከደስታዋም ብዛት እጇን ታጠበችና ጉርሻ ጀመረች። በሞቴ ይጉረሱልኝ ትላለች። በሞቴ ከተባለ ደግሞ ማን እምቢ ይላል? መምሬን አጎረሰች፣ አባ ጎቤን አጎረሰች፣ ባላምባራስን በትልቁ አጎረሰች። ደገመች። ሽማግሌዎቹ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ።

፦ በርበሬው ነው አይደል? አለች እየሳቀች።

፦ በርበሬው ነው፣ አሉ መምሬ በቀጭን ድምፅ። በጣም... ጥሩ በርበሬ ነው።

፦ እንግዲያው ይጨመርልዎ።

አያ ታከለ ግድግዳው ላይ ያለችውን ዝንብ አተኩሮ ማየት ያዘ፣ ላለመናገር። አባ ጎቤ በየመሀሉ ውኃ ይለምናሉ። ውኃው ደግሞ ምሬቱን እያጠበ ወደ ታች ያወርደዋል እንጂ አያጠፋውም። ማዕዱ ላይ ያለው ወጥ እንዳይጎድል እንጉዳይ በጭልፋ ትጨምራለች። እንደዚያን ቀን ቤቷ ሰው ጠግቦ አያውቅም፣ እንደዚያን ቀንም ቤቷ ሰው ተሠቃይቶ አያውቅም። እሷ ግን አንዱን ብቻ ነበር የምታውቀው።

ከዚያም ባላምባራስ ድንበሩ ቀስ ብለው እጃቸውን ወደ ማዕዱ ሰደዱ። ጥሩ አድርገው ጠቀለሉ። ወጡን ጨመሩበት፣ እንደገና ጨመሩበት። ጉርሻው የሕፃን ጡጫ ያህል ሆነ።

፦ ወይዘሮ እንጉዳይ፣ አሉ። ያጎረሰ ይጎርሳል። ፀሐይም አዘንብላለች። በልየው ሞት።

እንጉዳይ አፏን እስከ ጆሮዋ ከፈተችላቸው። ጎረሰች። አላመጠች።

እናንተ ልጆች፣ ምን ልበላችሁ። ምላሷ ወዲያው አወቀው። ያ አጥሩ ሥር ያለው ነው! እንስራው፣ አገጯ፣ አያ ታከለ፣ የላይኛው ሰፈር በርጩማ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ አናቷ ላይ ተሰበሰበ። የሽማግሌዎቹ እንባ የበርበሬ እንዳልሆነም ገባት። ቀና ስትል ሁሉም እሷን ያያሉ። መምሬ እጃቸው አየር ላይ ቀርቷል። አባ ጎቤ አንገታቸውን አስግገዋል። ባላምባራስ ዓይናቸውን ከአፏ ላይ አልነቀሉም።

ብትተፋው በሠርግ ደጃፍ እንግዳን ኮሶ አበላች ይባላል፣ አበዛሽም ልየውን ታጣለች። ጣፋጭ ነው ብላ ብትውጠው፣ እነዚህ ሁሉ ሰዎች መራራ መሆኑን እያወቁ ፊታቸው ላይ ትዋሻለች። አላመጠች። አላመጠች። ክርስትና እናቷ ቤት ተቀምጣ በሩን በሩን የምታየው ልጇ ትዝ አለቻት። በግድ ዋጠችው። ከዚያም አፏን በነጠላዋ ጫፍ አበሰችና ባላምባራስን ቀጥ ብላ አየቻቸው።

፦ ጨው አንሶታል፣ አለች።

ቀጥሎ የባላምባራስ ትከሻ መነቅነቅ ጀመረ። ጢማቸው ተነቃነቀ፣ ሆዳቸው ተነቃነቀ፣ በርጩማው ተነቃነቀ፣ ከዚያም ሳቁ ፈነዳ። እንዲህ ሲስቁ ማንም አይቷቸው አያውቅም። መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ሳቁ። አያ ታከለ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። አባ ጎቤ ብቻ ግራ ገብቷቸው ሁሉንም ተራ በተራ ያያሉ።

፦ ቆይ፣ እናንተንም መሯችኋል ነው የምትሉት? አሉ። ተመስገን። እኔ እኮ ልሞት ነው ብዬ ልጆቼን በሆዴ እየተሰናበትኩ ነበር።

ሳቁ እንደገና ተነሣ። እንጉዳይ ግን መጀመሪያ አለቀሰች። እያለቀሰችም ተናገረች፣ አንድም አልደበቀችም።

፦ ባላምባራስ፣ ቤቴ ውስጥ ከዱባ በቀር ምንም የለም። እሮብ ይምጡ ያልኩትም ዶሮ ስለሌለኝ ነው። ይህ ዱባ ለዓይን መመለሻ የተተከለ ነው እንጂ የሚበላ አልነበረም። ወንድሜ ተሳስቶ ቆረጠው፣ እኔም በጾም አልቀመስኩትም። ልጄ ልጅዎን ትወደዋለች። ምላስዎን ፈርቼ ነው ይህ ሁሉ።

፦ እኔስ ያልፈራሁ መሰለሽ? አሉ ባላምባራስ። ልየው ዛሬ ጠዋት ጫማዬን ይዞ «አባባ፣ ስለ ወጡ አንድ ቃል ከተናገሩ ከቤት እወጣለሁ» ብሎኛል። ያን ሁሉ ጉርሻ የዋጥኩት ልጄ እንዳይሄድብኝ ነው። ደግሞ በየሰው ቤት ስናገር ስለኖርኩ ልትፈትኝኝ ያደረግሽው መስሎኝ፣ ይበለኝ እያልኩ ነበር የምበላው።

፦ እኔኮ፣ አለ አያ ታከለ፣ ያሳየሽኝን ነው የቆረጥኩት። ተነሥቶም ወገቡን አጎበጠ፣ እንስራ ያዘለ መሰለና አገጩን ወረወረ። አገጩ ወደ አህያዋ ሄደ። አህያዋም ከደጅ ሆና ጮኸች።

በዚህ ጊዜ እንጉዳይም ሳቀች። ሆዷን እስኪያማት ሳቀች። ከዚያም ሁሉንም አስነሥታ ወደ ጓሮ ወሰደቻቸው፣ ጥግ ላይ ሰፋፊውን ቅጠል ገለጠችው። ጣፋጩ ዱባ ገለባው ላይ ተንጋሎ ተቀምጧል። ወርቃማ አይደለም፣ አያብረቀርቅም። ግን ሁለት ሰው የማይሸከመው ወፍራም ነው። ባላምባራስ ተገርመው «ይኼ ነበር እንዴ» ሊሉ ጣታቸውን ሲቀስሩ፣ መምሬም አባ ጎቤም አያ ታከለም ባንድ ላይ ዘለው እጃቸውን ያዙ። አባ ጎቤ ምርኩዛቸውን ጥለው ነው የዘለሉት። ባላምባራስም ይቅርታ ብለው ጣታቸውን አጠፉ፣ በአገጫቸውም አሳዩ።

ያን ዱባ እዚያው ቆረጡት። ባላምባራስ ራሳቸው ቢላ ይዘው ላጡ። አያ ታከለ ከተፈ። መምሬ ፍሬውን እያወጡ ለቆሎ እንዲሆን ምጣድ ዳር አስቀመጡ። ፀሐይ ስትጠልቅ ወጡ ደረሰ፣ እንጉዳይም ከማንም በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች፣ ደግማም ቀመሰች። አበዛሽም ከክርስትና እናቷ ቤት ተጠርታ መጣች፣ ልየውም ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አጥሩ ላይ ተገኘ። እስኪጠግቡ በሉ፣ ቃሉ ተከፈተ፣ ቃሉ ተሰጠ። ጥር ላይ ተጋቡ።

አበዛሽ ወደ ባሏ ቤት ስትሄድ እናቷን ፍሬ ስጪኝ አለቻት። እንጉዳይ ሁለት ቋጠሮ ሰጠቻት፣ የጣፋጩን በአንድ ጨርቅ፣ የመራራውን በሌላ ጨርቅ። አበዛሽ ጣፋጩን ጓሮ ተከለች። መራራውን ግን ከቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ባላምባራስ ማዕድ ላይ ሲቀመጡ በደንብ የሚታያቸው አጥር ሥር ተከለችው። በቀለ፣ ወፈረ፣ ወርቅ መሰለ።

ባላምባራስ ለጥቂት ጊዜ አንደበታቸውን ገዙ። ሰው ግን ሰው ነው፣ ልማድም ልማድ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሽሮውን ጎረሱና ፊታቸውን ጨምደድ አደረጉ።

፦ ይህ ሽሮ... ብለው ጀመሩ።

አበዛሽ አልተቆጣችም፣ አልተከራከረችም። እጇን እንኳ አላነሣችም። ዝም ብላ አገጯን ወደ አጥሩ ወረወረች። ባላምባራስ አገጯን ተከትለው አዩ። ወርቃማው ዱባ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል።

፦ ይህ ሽሮ፣ አሉ ባላምባራስ፣ ጨውም ልክ ነው፣ ሁሉም ነገር ልክ ነው። እጅሽ ይባረክ ልጄ። እስቲ ጨምሪልኝ።

እንግዲህ ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌንም በዱባ ወጥ አብሱልኝ። ግን ከማምጣታችሁ በፊት ቅመሱት። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ምክንያት የላችሁም።